«ጽንፈ ዓለሙ ይሰፋል» ስንል የሚሰፋው ምኑ ነው?

ፊዚክስ አስተማሪ፦ ሰላም ቤተሰብ። ለትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ መጽሔት ጽሑፍ እያዘጋጀሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆሜያለሁ። «ሁለት የኒውትሮን ኮከቦች ሲዋሃዱ የተነሣው የስበት ሞገድ፣ ጽንፈ ዓለሙ በሰከንድ 70 ኪሎ ሜትር በሜጋፓርሴክ እየሰፋ መሆኑን አመለከተ» ይላል። (የኒውትሮን ኮከብ የሞተ፣ እጅግ የታመቀ ኮከብ ነው፤ ሜጋፓርሴክ ደግሞ 3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ የሚሆን ርቀት ነው።) ረቂቁን ያነበበች ተማሪ «ቲቸር፣ ጽንፍ ዳር አይደለም እንዴ? የሚሰፋው ዳሩ ነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። የተለካው ጋላክሲዎች እርስ በርስ መራራቃቸው ነው እንጂ ዳር የሚባል ነገር ማንም አላየም። ስሙን ልቀይር ወይስ ግሱን? ዓርብ ማተሚያ ቤት እንገባለን።

ዘጎንጅ፦ ልጅቷ ትባረክ። ጽንፍ በግእዝ ዳር፣ ጫፍ፣ የልብስ ዘርፍ ነው። ደም ይፈስሳት የነበረችው ሴት የዳሰሰችው «ጽንፈ ልብሱ»ን ነው። መዝሙር 18 «እስከ አጽናፈ ዓለም» ሲልም እስከ ዓለም ዳርቻ ማለቱ ነው። አማርኛ ዳርቻውን ወስዶ ለጠቅላላው ስም አደረገው። እኔ «ዓለማት» በቂ ነው እላለሁ።

ሰዋስው፦ የኔታ፣ በአክብሮት አልስማማም። ቃል ከሥሩ ጋር ታስሮ አይኖርም። ዛሬ ጽንፈ ዓለም የሚል ሰው ዳር አይታየውም።

ዘጎንጅ፦ ለተማሪዋ ታያት እኮ!

ከሲያትል፦ እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። «የስበት ሞገድ» ትክክል አይደለም። ጣና ላይ ነፋስ የሚያነሣው ሞገድም በፊዚክስ አነጋገር የስበት ሞገድ ነው። ከፍ ያለውን ውሃ ወደ ታች የሚመልሰው ስበት ስለሆነ ነው። ነሐሴ 2009፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 17 ቀን 2017 የተያዘው የኮከቦቹ ሞገድ ግን ሌላ ነው። እሱ ቦታን ራሱን እየዘረጋና እየሰበሰበ የሚያልፍ ንዝረት ነው። ካዳመጡት ሦስት ጣቢያዎች አንዱ እዚሁ ዋሽንግተን ግዛት ሃንፎርድ ነው። ሁለቱ ሉዊዚያና ውስጥ ሊቪንግስተን እና ጣልያን፣ ፒሳ አጠገብ ያለው ቪርጎ ናቸው። ስለዚህ «ስበታዊ ሞገድ» እንበለው፤ የጣናው «የስበት ሞገድ» ይሁን።

ሰዋስው፦ «ስበታዊ» እና «የስበት» በአማርኛ ጆሮ አንድ ናቸው። «ታሪካዊ መጽሐፍ» እና «የታሪክ መጽሐፍ» እንደሚለያዩት የሚለያዩ ከሆነ ግን እቀበላለሁ።

ዘጎንጅ፦ ስበት ራሱ ሐመሩን «ሐ» ጥሎ የመጣ ቃል ነው። ሰሐበ፣ ጎተተ ነው። ስሕበት ተብሎ ቢጻፍ ሥሩ ይታይ ነበር። ሞገድም ከወገደ የወጣ ይመስለኛል። ውሃ ውሃን ገፍቶ ሲያስወግድ ሞገድ ሆነ። በግእዝ ለእርሻ ወጣ ከሚለው ከወፈረ ሞፈር እንደወጣው ማለት ነው።

ሰዋስው፦ የሞፈሩን ተቀበልኩ፤ የሞገዱን አልቀበልም። ሞገድ የሚገፋ ቢሆን ኖሮ ውሃው አብሮት በሄደ ነበር። ሞገድ ያልፋል፤ ውሃው እዚያው ከፍ ዝቅ ብሎ ይቀራል።

ዘጎንጅ፦ ወንድሜ፣ ስሙን ያወጡት ፊዚክስ ተምረው አይደለም። ባሕር ዳር ቆመው ባዩት ነው። ቅኔ ቤት ዓመታት የቆየሁት ለከንቱ አይደለም፤ በ«ወ» የሚጀምር ግስ «መ» ሲቀድመው «ሞ» ሲሆን በደንብ አውቃለሁ።

አዲስ ገቢ፦ ለምን «ማዕበል» አንልም? ዜና ላይ «የስበት ማዕበል» ሲሉ ሰምቻለሁ።

ዘጎንጅ፦ አይሆንም። ዳዊት ሁለቱን ለይቶ ነው የጠራቸው፤ «ማዕበልህና ሞገድህ ሁሉ በላዬ አለፈ»። ማዕበል መርከብ ይገለብጣል። ሞገድ የዋህም ሊሆን ይችላል። በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ስንሰማ ማን ተገለበጠ?

ፊዚክስ አስተማሪ፦ በዚህ የኔታ ትክክል ናቸው። ምድር ላይ ሲደርስ አራት ኪሎ ሜትር የሚረዝመውን የሃንፎርዱን ጣቢያ ክንድ የሚለውጠው ከአንድ ፕሮቶን ስፋት እጅግ ባነሰ መጠን ነው። ማዕበል ሊባል አይችልም። እባካችሁ ግን ወደ ጥያቄዬ እንመለስ። ርቀቱ እንዴት እንደተገኘ ካላስረዳሁ ቃሉ ብቻ አይጠቅመኝም። ሁለቱ ኮከቦች እየተቃረቡ ሲዞሩ የሞገዱ ድግግሞሽ ይፈጥናል። የአፈጣጠኑ ሁኔታ ሞገዱ ከምንጩ ምን ያህል ብርቱ እንደነበር ይናገራል። ያንን እኛ ዘንድ ከደረሰው ድካሙ ጋር ስናነጻጽር ርቀቱን እናገኛለን። ሌላ ኮከብ ወይም ሌላ መለኪያ መሃል አይገባም። የፊዚክስ ሊቁ በርናርድ ሹትዝ ይህን መንገድ ያቀረበው በፈረንጆቹ 1986 ነው። ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ምንጭ «ሳይረን» ይሉታል።

ምንጩ ከእኛ የሚርቅበት ፍጥነት ደግሞ ከብርሃን ይመጣል። ሞገዱ ካለፈ 1.7 ሰከንድ በኋላ ፌርሚ ሳተላይት የጋማ ጨረር ብልጭታ ያዘ። ከሰዓታት በኋላ ቺሊ ያለ ቴሌስኮፕ ኤንጂሲ 4993 የተባለ ጋላክሲ ላይ አዲስ ብርሃን አገኘ። ጋላክሲው በመስፋፋቱ የተነሣ በሰከንድ 3,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቀናል። ከሞገዱ ለተገኘው ርቀት፣ ለ44 ሜጋፓርሴክ ስታካፍሉት ወደ 68 ይመጣል። ሙሉው ስሌት 70 ሰጠ፤ ከ62 እስከ 82 ሊሆን ይችላል። የግምቱ ስፋት የበዛው የኮከቦቹ ምሕዋር ወደኛ ያጋደለበት አንግል ከርቀቱ ጋር ስለሚምታታ ነው።

ከሲያትል፦ ለተማሪዎቹ ይህንን የግምት ስፋት አትደብቅባቸው። ፕላንክ ሳተላይት ከጽንፈ ዓለሙ ጅማሬ ከቀረው ጥንታዊ ብርሃን 67.4 አግኝቷል። ብርሃናቸው በየጊዜው ከፍ ዝቅ በሚል ሴፊድ ኮከቦችና በሱፐርኖቫ፣ በሚፈነዱ ኮከቦች፣ የሚለኩት 73 ገደማ ይላሉ። ክርክሩ እየከረረ ነው። ሳይረኖቹን አጓጊ የሚያደርጋቸው ከሁለቱም ወገን ነጻ መሆናቸው ነው። ሁለቱን ለመዳኘት ግን አንድ ምስክር አይበቃም፤ ብርሃናቸው የተገኘላቸው ብዙ ውህደቶች ያስፈልጋሉ።

አዲስ ገቢ፦ እኔ ግእዝ አላውቅም፤ ግን «በጋላክሲዎች መካከል ያለው ርቀት በየሜጋፓርሴኩ በሰከንድ 70 ኪሎ ሜትር ይጨምራል» ቢባልስ? ዳርም መስፋትም አይነሣም። «በሜጋፓርሴክ» ሲል ደግሞ መሣሪያ ይመስላል፤ «በማንኪያ በላ» እንደማለት።

ሰዋስው፦ «ይጨምራል» ደረቅ ነው። መዝሙር 103 ላይ ሰማይ «ከመ ሠቅ»፣ እንደ መጋረጃ ይዘረጋል። «ተዘረጋ» የሚል ያማረ ግስ እያለን?

ዘጎንጅ፦ መጋረጃ የሚዘረጋ ዘርጊ አለው። ግእዙም ረበበ ነው የሚለው። ረበበ ግን ከላይ መጋረድም አለበት፤ ለዚህ አይሆንም።

ሰዋስው፦ ታዲያ መዝሙረኛው ተሳስቷል ሊሉ ነው?

ዘጎንጅ፦ አልወጣኝም። መዝሙረኛው ኪሎ ሜትር እየቆጠረ አልነበረም።

ፊዚክስ አስተማሪ፦ ዓርብ እየደረሰ ነው ጎበዝ። ይዘረጋል ወይስ ይራራቃል?

ሰዋስው፦ እሱ ይደረስበታል። የኔታ፣ ሞገድ ከወገደ ከወጣ «ሞገደኛ» ለምን ሰው ገፊ ሳይሆን እልኸኛ ማለት ሆነ?

ዘጎንጅ፦ እልኸኛ ሰው አይገፋም ያለህ ማነው? ቆይ፣ መዝገበ ቃላቱን ላምጣ።