ክርክር፦ ጥናቱ ከታተመ በኋላ የሮማ ዘመን ገሎች ይጣሉ ወይስ ይቀመጡ?

አወያይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው ጥያቄ የመጣው ከእንግሊዝ ነው። እዚያ ከ1990 ወዲህ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሕንፃ ሊሠራ የተነሳ ባለሀብት፣ መሬቱ ውስጥ ቅርስ ካለ የቁፋሮውን ወጪ እንዲችል ይደረጋል። ስለዚህ ቁፋሮው በዛ። ሮማውያን በኖሩበት ከተማ ደግሞ ከምንም በላይ የሚወጣው ገል ነው። ይታጠባል፣ ይቆጠራል፣ ይመዘናል፣ ዘገባ ይጻፍበታል። ከዚያ በካርቶን ታሽጎ ሙዚየም ይገባል። አሁን ቦታ ያለቀባቸው ሙዚየሞች ብዙ ናቸው። "ጥናቱ ታትሟል፤ ተራ ተራውን እናስወግድ ወይም መልሰን እንቅበር" የሚሉ አሉ። "ነውር ነው" የሚሉም አሉ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የለንደኗ፦
እኔ ልጀምር፤ ውሎዬ ከእነዚህ ካርቶኖች ጋር ነው። ይቀነስ ባይ ነኝ። መጋዘን ኪራይ አለው፣ መደርደሪያ አለው፣ ሠራተኛ አለው። ከካርቶኖቹ ውስጥ ስንቱ የግራጫ ማሰሮ ሆድ ብቻ እንደሆነ ብታዩ! አፍ የለው፣ ጆሮ የለው፣ ጌጥ የለው። አንዳንዱ ከየትኛው የአፈር ንብርብር እንደወጣ እንኳ አልተጻፈበትም። ለእሱ የምንከፍለው ገንዘብ ተቆፍረው ያልታተሙ ቦታዎችን ማሳተም ይችል ነበር። በ2016 የእንግሊዝ የሸክላ አጥኚ ማኅበራት የጋራ የሥራ መመሪያ አውጥተዋል። ቁጥሩን ጻፍ፣ ክብደቱን ጻፍ፣ የጭቃውን ዓይነት ለይ፣ የአፉን ዙሪያ ለካ ይላል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ከታተመ፣ የቀረው ተራ ገል ምን ይጨምራል?

ጋሽ መምህር፦
ልጄ፣ ሥራሽ ከባድ እንደሆነ ይገባኛል። ግን "ታተመ" እና "አለቀለት" አንድ አይደሉም። ደቡብ ሕንድ አሪካሜዱ የሚባል የባሕር ዳር መንደር አለ። አርኪዮሎጂስቱ ሞርቲመር ዊለር በ1945 ቆፈረው፣ በማግሥቱ ዓመት አሳተመው። ከጣሊያን አሬዞ የመጣ ቀይ የሚያብረቀርቅ የገበታ ሸክላ አግኝቶ ነበር። የዚያ ሸክላ ዘመን ስለሚታወቅ፣ የሕንዱን ሸክላ ዘመን በእሱ ለካ። ትልቅ ሥራ ነው፤ እኔም አስተምሬበታለሁ። ግን ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ ቦታው እንደገና ሲቆፈር፣ የድሮዎቹ ገሎችም እንደገና ሲታዩ፣ መንደሩ ዊለር ካሰበው ቀድሞ የተጀመረና ከዚያም በኋላ የቀጠለ ሆነ።

ዋናው ግን ሌላ ነው። በሕንድ ብዙ ቦታዎች "የሮማ አምፎራ" (ወይንና ዘይት የሚጫንበት ባለ ሁለት እጀታ ትልቅ ማሰሮ) ተብለው የተመዘገቡ ገሎች ነበሩ። ሮቤርታ ቶምበር የተባለች የሸክላ ሊቅ በየሙዚየሙ እየዞረች አንድ በአንድ አየቻቸው። ብዙዎቹ የሮማ አልነበሩም። ከመስጴጦምያና ከፋርስ ባሕረ ሰላጤ በኩል የመጡ፣ እጀታ የሌላቸው ረጃጅም ማሰሮዎች ስብርባሪ ነበሩ። በ2007 አሳተመችው። የንግዱ ካርታ ተለወጠ ማለት እኮ ነው! ሮም ብቻዋን የነገሠችበት የመሰለን ባሕር ሌላም ባለቤት ነበረው። እነዚያ ገሎች "ታትመዋል" ተብለው ተጥለው ቢሆን ምን ታይ ነበር?

የለንደኗ፦
ጋሼ፣ የጠቀሷት ሊቅ ለእኔም ምስክር ናት። በ1998 ከባልደረባዋ ጋር ሆና በብሪታንያ የሚገኙ የሮማ ዘመን የሸክላ ጭቃ ዓይነቶችን መለያ ያዘጋጀችው እሷ ናት። ከየዓይነቱ ናሙና ተቀምጧል፤ በአጉሊ መነጽር የሚታየው ሁሉ ተጽፏል። ከሌላ ቁፋሮ የወጣ ገል ይዘህ ሄደህ ማመሳከር ትችላለህ። እኔ የምለውም ይህንኑ ነው። ናሙና ይቀመጥ። አንድ ሺህ ተመሳሳይ ገል ግን ለምን?

የሮሙ፦
እኔ ያለሁት ሮም ነው፤ ሞንቴ ቴስታቾ አጠገብ ነው የማልፈው። ለማያውቀው ልንገር፦ ሙሉ ኮረብታው ገል ነው። ቁመቱ 35 ሜትር ያህል፣ ዙሪያው ወደ 1 ኪሎ ሜትር። 53 ሚሊዮን ያህል አምፎራ ተሰብሮበታል ተብሎ ይገመታል። አብዛኛው ከደቡብ ስፔን የወይራ ዘይት የመጣበት ነው። ድንቡሽቡሽ ያለ ማሰሮ፣ ባዶውን 30 ኪሎ የሚሆን፣ ወደ 70 ሊትር የሚይዝ። ዘይት የጠጣ ሸክላ ይሸታል፤ ለሌላ ነገር አይሆንም። ስለዚህ ሰብረው በሥርዓት ይደረድሩታል፣ ኖራ ይነሰንሱበታል።

ሃይንሪክ ድሬስል የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ በ1870ዎቹ እዚህ መጥቶ ማንበብ ጀመረ። እጀታው ላይ የሸክላ ሠሪው ማኅተም አለ። አንገቱና ትከሻው አካባቢ ደግሞ በቀለም ተጽፏል፦ የማሰሮው ክብደት፣ የዘይቱ ክብደት፣ የነጋዴው ስም፣ አንዳንዴም ዓመቱ፣ በዚያ ዓመት በተሾሙት የሮማ ቆንስሎች (ከፍተኛ ሹማምንት) ስም። የግብር ቢሮ መዝገብ በሉት። ዛሬም የአምፎራ ዓይነቶች የሚጠሩት በእሱ ቁጥር ነው፤ ይህኛው "ድሬስል 20" ይባላል።

የኔ ሐሳብ እንግዲህ፦ ሮማውያን ራሳቸው ጥለውታል፣ መሬት ግን ጠብቆታል። ለምን በተጻፈ ቦታ፣ ምልክት ተደርጎበት አይቀበርም? መጋዘን ከመሬት ይበልጣል ያለው ማነው?

የአክሱሙ ተማሪ፦
ወንድሜ፣ ልዩነት አለው። ኮረብታው ላይ እያንዳንዱ ገል ያለው ወድቆ በቀረበት ነው። አጠገቡ ያለው ከእሱ ጋር የተጣለ ነው። ከ50 ቦታ የወጣ ገል አንድ ጉድጓድ ውስጥ ስትከተው ግን ያንን ዝምድና ታጠፋዋለህ። የወረቀት ምልክት ስንት ዓመት ይቆያል?

ሌላው የሸክላው ግድግዳ ውስጥ የሰረገው ነው። በ1976 ፈረንሳዮች ጋዝ ክሮማቶግራፊ በሚባል ዘዴ አምፎራ ውስጥ ዘይት እንደነበረ ከራሱ ከሸክላው ለይተው አሳዩ። ከዚያ በፊት የታተመ ዘገባ ሁሉ ይህን ጥያቄ ሊጠይቅ አይችልም ነበር። ለዚህ ምርመራ ደግሞ የሚያምረው ማሰሮ አይፈለግም። ቆርሰህ የምትፈጨው ያንን እህቴ "ተራ" ያለችውን የሆድ ገል ነው።

አሁን ወደ እኛው ልምጣ። አርኪዮሎጂስቱ ኔቪል ቺቲክ አክሱምን የቆፈረው በ1973 እና 1974 ነው። አብዮቱ መጣ፣ ሥራው ተቋረጠ። እሱም በ1984 አረፈ። መጽሐፉን ስቱዋርት መንሮ-ሄይ አዘጋጅቶ በ1989 አወጣው። እስቲ አስቡት፣ ከቁፋሮ እስከ ሕትመት 15 ዓመት! ከዚያ በኋላ ደግሞ ዮርዳኖስ ውስጥ አቃባ ላይ፣ የጥንቷ አይላ፣ የሸክላ መተኮሻ ምድጃዎች ተገኙ፤ በ1994 ታተሙ። ከምድጃው የወጣው አምፎራ ቀጭን፣ ወደ ታች የሚሾል፣ ገላው ሽንትር ሽንትር ያለ ነው። ያው ዓይነት አክሱም አለ፣ መጠራ አለ፣ አዱሊስ አለ። ከኤርትራ ጠረፍ አጠገብ ብላክ አሳርካ ደሴት ላይ የሰጠመ መርከብም ያንኑ ጭኖ ነበር። ዛሬ ሊቃውንቱ "የአይላ-አክሱም አምፎራ" ይሉታል። የአክሱም ነገሥታት ዘመን ንግድ በቀይ ባሕር ጫፍ ካለች የሮማ ወደብ ጋር የተያያዘበት ገመድ ይህ ነው። ምድጃው እስኪገኝ ድረስ ገሉ ምን እንደሆነ በትክክል የሚናገር አልነበረም። ሽንትር ያለበት የሆድ ስብርባሪ፣ ሌላ ምን?

የለንደኗ፦
ይህን የመሰለ ገል ጣሉ አላልኩም! አክሱም ላይ የአቃባ ገል ከሩቅ የመጣ ነው፤ እያንዳንዱ ውድ ነው። ለንደን ላይ እዚያው አካባቢ የተሠራ ማሰሮ ሌላ ነው። ለሁለቱ አንድ ሕግ እንዴት ይወጣል?

ጋሽ መምህር፦
ልጄ፣ "ተራ" የሚለውን የሚወስነው የዘመኑ ፋሽን ነው። የድሮ ቆፋሪዎች ከፈረንሳዩ ላ ግሮፌሰንክ የመጣውን ቀይ ሳህን፣ ማኅተም ያለውን፣ ስዕል ያለውን ያስቀምጡ ነበር። የማብሰያ ድስቱን አፈር ክምር ላይ ጣሉት። ዛሬ "ከዚህ ቤት ዕቃ ስንት እጁ ከውጭ የገባ ነበር?" ብለን ስንጠይቅ መልስ የለም። የቀረልን ሀብታሙ ብቻ ነው። ድሃው ድስት ተጣለ። እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ የገረድና የወታደር ምግብ የበሰለበት ዕቃ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚወጣው ለምንድን ነው?

የለንደኗ፦
እነሱ ሳይቆጥሩ ጣሉ። እኛ ቆጥረን፣ መዝነን፣ ከአፉ ዙሪያ ስንት እጁ እንደተረፈ በመቶኛ ለክተን ነው። ድስቱ ከመዝገቡ አይጠፋም።

የአክሱሙ ተማሪ፦
ቁጥሩ አይጠፋም። የቆጠረው ሰው ዓይነቱን በትክክል ለይቶት እንደሆነ ግን ማንም መልሶ ሊያየው አይችልም። የሕንዱ ታሪክ እኮ የቆጠራ ስህተት አልነበረም። ቁጥሩ ልክ ሆኖ ስሙ ሌላ ነበር።

አወያይ፦
እኔም በዚህ ነጥብ ወደ ተማሪው አደላለሁ። ዘገባ የአንድ ሰው ንባብ ነው፤ ገሉ ደግሞ የሚነበበው ነገር ራሱ ነው። ግን የቦታው ችግር እውነት ነው፤ "ሁሉም ይቀመጥ" ብሎ ዝም ማለት መልስ አይሆንም። እስቲ ተጨባጭ ነገር እንነጋገር። ምን ይውጣ? ማን ይወስን?

የለንደኗ፦
ከየት ንብርብር እንደወጣ የማይታወቀው ይውጣ። ትምህርት ቤት ልጆች በእጃቸው እንዲይዙት ይሰጥ፤ ለናሙና መፍጫ ይሰጥ።

ጋሽ መምህር፦
እሱ ላይ አልከራከርሽም። ቦታው የተጻፈለት ጉድጓድ ግን ከነሙሉ ገሉ ይቀመጥ፤ ግራጫውም ቀዩም። ሁሉም ጉድጓድ ባይቻል ከየከተማው የተመረጡ ጥቂቶች፣ ግን ምንም ሳይጎድልባቸው።

የሮሙ፦
የሚወገደውም ዝርዝር ከዘገባው ጋር ይታተም። ምን ተጣለ፣ ስንት ኪሎ፣ ለምን፣ ማን ፈቀደ። የዛሬ 50 ዓመት የሚያነበው ሰው ያልተገኘውን ከተጣለው እንዲለይ።

የለንደኗ፦
ዝርዝሩ ይታተም፤ እስማማለሁ። የሚወስነው ግን ኪራዩን የሚከፍለው ሙዚየም ነው።

ጋሽ መምህር፦
እዚህ ላይ ተለያየን። የሚወስነው ሸክላ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ሙዚየሙ ያንን ሰው ይቅጠር።