ኢሜይሌ ቡና እስካፈላ ድረስ ይቋረጣል፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገን። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ሆኜ ነው የምሠራው። ዴስክቶፔ ላይ ተንደርበርድ የሚባለውን የኢሜይል ፕሮግራም ጭኛለሁ። ጠዋት ስከፍተው ምንም አይል። ቡና አፍልቼ ስመለስ ግን ከሰርቨሩ ጋር ተቆራርጦ አገኘዋለሁ። ዘግቼ ስከፍተው ይመለሳል፤ ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ያው ነው። ትናንት ለደንበኛ የላክሁት ደረሰኝ ሳይሄድ ቁጭ ብሎ አድሯል። ሰውየው ደውሎ "ምነው ረሳኸኝ?" ሲለኝ አፈርኩ።

የሚገርመው፣ በዚያው ሰዓት ዩቲዩብ ያለችግር ይታያል። ስልኬም በዚያው ዋይፋይ ኢሜይል ይቀበላል።

ኢሜይል የምቀበለው በአይማፕ ነው (መልእክቱ ሰርቨሩ ላይ እንዳለ የሚነበብበት መንገድ)፤ መቀበያው ፖርት 993፣ መላኪያው 587። ፓስዎርዱ ልክ ነው። አንቲቫይረሱን ግማሽ ቀን አጥፍቼ አየሁት፤ ለውጥ የለም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ እንደ አዲስ ይነሳል፣ ያኔ ትንሽ ይሻለዋል። (መብራት መሄዱ የጠቀመኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።)

ራውተሩ በሲም ካርድ የሚሠራ ነው። ጥርጣሬዬም እዚያ ላይ ነው። አይማፕ አዲስ መልእክት እየጠበቀ መስመሩን ከፍቶ ዝም ይላል፤ ኔትወርኩ ደግሞ ዝም ያለውን ግንኙነት የሚቆርጠው ይመስለኛል። መልእክት የሚፈትሽበትን ጊዜ ከ10 ደቂቃ ወደ 3 ባወርደው ይረዳል? ወይስ "አይድል" የሚለውን ምርጫ (መስመሩን ከፍቶ መልእክት የሚጠብቀውን) ላጥፋው? የገጠመው ሰው ካለ ይንገረኝ እባካችሁ።