ማይል ማጠራቀምና የኪራይ መኪና ነጥብ፦ ከቱሉ ዲምቱ ለሚነሳ ቤተሰብ ምን ያህል ይጠቅማል?

ጥያቄ፦ የቱሉ ዲምቱ ነጋዴ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ፣ የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም በማይርቅ የኮንዶሚኒየም መንደር ነው። ልብስ እነግዳለሁ፤ በዓመት ሦስት ጊዜ ያህል ዱባይ፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ ጓንዡ እመላለሳለሁ። እስካሁን ትኬት የምቆርጠው ኤጀንቱ በዕለቱ ርካሽ ብሎ ባቀረበልኝ አየር መንገድ ሲሆን የማንኛቸውም የማይል (ለበረሩበት ርቀት የሚሰጥ ነጥብ) አባል ሆኜ አላውቅም። በቅርቡ ግን አንዲት ጎረቤቴ ባጠራቀመችው ማይል፣ ታክሱን ብቻ ከፍላ ናይሮቢ ደርሳ መጣች። ይህን ስሰማ ስንት ዓመት ሙሉ የተመላለስኩበት ርቀት ሁሉ ትዝ ብሎኝ አዘንኩ። የውጭ ምንዛሪው ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ በመሆኑ፣ የትኬት ዋጋ በብር ሲሰላ ለእኔ ዓይነቱ ነጋዴ ከባድ ሆኗል።

በመጪው ክረምት ከባለቤቴ ጋር ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችውን ልጃችንን ለመጠየቅ አስበናል፤ ከዚያም ዴንቨር ወደምትኖረው እህቴ እንሻገራለን። ልጃችን መኪና ብንከራይ እንደሚሻልና የመኪና አከራዮችም እንደ አየር መንገዶቹ ነጥብ እንደሚሰጡ ነግራናለች። አሁን አባል ብሆን ያለፉት ጉዞዎቼ ይቆጠሩልኛል? የመኪናውንስ ነጥብ ወደ አየር መንገዱ ማይል ባዞረው ይሻላል ወይስ በአከራዩ ዘንድ ባቆየው? በተግባር የሞከራችሁት ብትመክሩኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ከአያት፣ የትኬት ሠራተኛ

እህታችን፣ በትኬት ቢሮ ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ፤ ጥያቄዎን ከደንበኞቼ አፍ በየሳምንቱ እሰማዋለሁ። ያለፉትን ጉዞዎች በተመለከተ ተስፋዎ ትንሽ ቢሆን ይሻላል፤ አየር መንገዶች ወደ ኋላ ተመልሰው ማይል የሚመዘግቡት በወራት በሚቆጠር ገደብ ውስጥ ላለ በረራ ነው፤ ለዚያም የትኬቱን ቁጥርና ቦርዲንግ ፓሱን ይጠይቃሉ። የመጨረሻው የጓንዡ ጉዞዎ ወረቀት በእጅዎ ካለ ግን ዛሬውኑ አባል ሆነው ይጠይቁ። አባልነቱ ገንዘብ አይጠይቅም።

የትኛው ይሻላል ለሚለው፣ አብዛኛውን ጊዜ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚበሩ ከሆነ የአየር መንገዱ የማይል ፕሮግራም የሆነው ሼባማይልስ ተፈጥሯዊው ምርጫ ነው። አየር መንገዱ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2011 ስታር አሊያንስ የተባለውን የአየር መንገዶች ኅብረት ስለተቀላቀለ፣ የሼባማይልስ ቁጥርዎን በዩናይትድ፣ በሉፍታንዛ፣ በተርኪሽ፣ በኢጂፕት ኤርና በሌሎቹም የኅብረቱ አባላት ትኬት ላይ ማስመዝገብ ይችላሉ። ኤምሬትስ በኅብረቱ ውስጥ የለም። ስለዚህ ዱባይ አንዴ በአንዱ፣ አንዴ በሌላው ከተመላለሱ ማይልዎ በሁለት ቦታ ተበትኖ በአንዱም ትኬት ሳያወጣ ጊዜው ሊያልፍበት ይችላል። ዴንቨር ለመሻገር ሲያስቡም ይህንኑ ያስታውሱ፤ የዋሽንግተኑ ዳላስ አውሮፕላን ማረፊያም ሆነ ዴንቨር የዩናይትድ ዋና ማዕከላት በመሆናቸው በመካከላቸው ቀጥታ በረራ አለ፤ ያም በሼባማይልስ ቁጥርዎ ሊቆጠርልዎ ይችላል። ዴልታ ግን የሌላ ኅብረት አባል ነው።

ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው፤ እርሱም ስም ነው። የእኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንድ ወጥ አይደለም። «ፀሐይ» የሚለውን ስም አንዱ በ«ቲ» ይጀምረዋል፣ ሌላው በ«ኤስ» ይጀምረዋል፤ መጨረሻውንም አንዱ በ«ዋይ» ሌላው በ«አይ» ይዘጋዋል። በዚህ ላይ በመጨረሻ ስም ቦታ አንድ ጊዜ የአባት ስም፣ ሌላ ጊዜ የአያት ስም ይገባል። ሲስተሙ የአባልነቱን ስም ከትኬቱ ስም ጋር ፊደል በፊደል ስለሚያስተያይ፣ ልዩነት ሲያገኝ ማይሉን ሳይመዘግብ ዝም ይላል፤ ተሳፋሪውም ይህን የሚያውቀው ከወራት በኋላ ትኬት ለማውጣት ሲሞክር ነው። ስለዚህ ሲመዘገቡ ፓስፖርትዎን ከፊትዎ አስቀምጠው፣ እንዳለ ይገልብጡት። ትኬት ሲቆርጡም የአባልነት ቁጥርዎ ገብቶ እንደሆነ በወረቀቱ ላይ ይመልከቱ፤ ካልገባ ኤጀንቱ እንዲያስገባው ይንገሩት፣ ከረሱም ቦሌ ካውንተር ላይ ሲደርሱ ይስጧቸው። ባለቤትዎም የራሳቸው አባልነት ያስፈልጋቸዋል፤ ማይል የሚመዘገበው በበረረው ሰው ስም ነውና።

አንድ ነገር ልጨምር። ሁለት ሰዎች በአንድ አውሮፕላን፣ በአንድ ረድፍ ተቀምጠው የሚያገኙት ማይል ላይመሳሰል ይችላል። ትኬቱ ላይ ያለችው አንዲት ፊደል፣ ማለትም የታሪፉ ክፍል፣ ከርቀቱ ምን ያህሉ እንደሚቆጠር ትወስናለች። እጅግ ርካሽ በሆኑት ክፍሎች ከርቀቱ ጥቂቱ ብቻ ሊቆጠር ይችላል፤ ከኅብረቱ አባላት በአንዳንዶቹ ደግሞ ጨርሶ አይቆጠርም። ሁለት ትኬት በዋጋ ተቀራርቦ ሲቀርብልዎ ፊደሉን ይጠይቁ።

መልስ፦ ከቨርጂኒያ፣ የቀድሞ የለገጣፎ ነዋሪ

ስለ መኪናው እኔ ልመልስ፤ እዚህ ስኖር ለሥራም ለቤተሰብም ብዙ ጊዜ ተከራይቻለሁና።

በመጀመሪያ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ገና እንደወረዱ መኪና እንዳይከራዩ እመክራለሁ። የአውሮፕላን ማረፊያ ቅርንጫፎች በኪራዩ ላይ ልዩ ልዩ ክፍያ ይጨምራሉ፤ ከከተማ ውስጥ ቅርንጫፍ ሲከራዩ ይህ ተጨማሪ አብዛኛውን ጊዜ የለም። የዋሽንግተኑ ዳላስ ማረፊያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2022 ጀምሮ የሜትሮው (የከተማው ባቡር) ሲልቨር መስመር ደርሶታል፤ መሃል ዋሽንግተን ላይ ወደ ቀዩ መስመር ተቀይሮ ሲልቨር ስፕሪንግ መድረስ ይቻላል። ሻንጣው ከበዛ ልጃችሁ መጥታ ትውሰዳችሁ። መኪናውን ሰፈሯ ካለ ቅርንጫፍ፣ በሚያስፈልጋችሁ ቀናት ብቻ ብትወስዱት ነጥብ ከሚያስገኘው የበለጠ ገንዘብ ታተርፋላችሁ። ዴንቨርም ከማረፊያው እስከ ዩኒየን ጣቢያ የሚወስድ ባቡር ስላለው፣ እህትዎ የሚኖሩት በዚያ አቅራቢያ ከሆነ ለመጀመሪያው ቀን መኪና ላያስፈልግ ይችላል።

ወደ ነጥቡ ልምጣ። ኸርትዝ፣ ኤቪስ፣ ኢንተርፕራይዝና ናሽናል ሁሉም በነፃ የሚገባበት የአባልነት ፕሮግራም አላቸው። እንደ እናንተ አንድ ክረምት ብቻ ለሚከራይ ሰው ነፃ ቀን የሚያስገኝ ነጥብ መሰብሰብ ከባድ ነው፤ ሆኖም አባልነቱ ሌላ ጥቅም አለው። መረጃችሁ አስቀድሞ ስለሚገባ በብዙ ቅርንጫፎች ካውንተር ላይ ረጅም ወረፋ አትጠብቁም፤ አንዳንዶቹም ለአባላት የዋጋ ቅናሽ ያደርጋሉ፣ ወይም ለትዳር ጓደኛ የሁለተኛ አሽከርካሪ ክፍያ አያስከፍሉም። ለአየር መንገድ ማይል ይለወጥ ወይ ላሉት፣ ሲመርጡ ውሉን በደንብ ያንብቡ። የኪራዩን ነጥብ በአየር መንገድ ማይል ሲወስዱ ብዙ አከራዮች በየቀኑ ትንሽ ተጨማሪ ክፍያ በሂሳቡ ላይ ያስገባሉ፤ በሳምንት ኪራይ ሲሰላ የሚገኘው ማይል ያንን ክፍያ ላይሸፍነው ይችላል። እኔ በአከራዩ ዘንድ ማቆየቱን እመርጣለሁ፤ ለዓመቱም ተመልሳችሁ ከመጣችሁ ያገለግላችኋል።

አሁን ሰው ሁሉ የሚሰናከልበትን ልንገርዎ። መኪናው የሚሰጠው ቦታውን ላስያዘው፣ መንጃ ፈቃድ ላለውና ካርዱ በስሙ ለሆነው አንድ ሰው ነው። ባልና ሚስት በአንድ የቤተሰብ ስም በማይጠሩበት በእኛ ባህል፣ በሚስት ስም የተያዘን መኪና በባል ካርድ እወስዳለሁ ማለት ካውንተር ላይ ያስመልሳል። የልጅ ካርድም እንዲሁ ነው፤ እርሷ ራሷ ተከራይ ሆና ካልቀረበች አይሠራም። አከራዩ ከኪራዩ በላይ የሆነ ገንዘብ በመያዣነት ካርዱ ላይ ስለሚይዝ፣ በዴቢት ካርድ ከሆነ ያ ገንዘብ እስኪለቀቅ ቀናት ሊወስድ ይችላል፤ አንዳንድ ቅርንጫፎችም ዴቢት ካርድ የሚቀበሉት የመመለሻ ትኬት ሲታይ ብቻ ነው። ስለዚህ ተከራይዋ ልጃችሁ ብትሆንና አባቷ ተጨማሪ አሽከርካሪ ሆነው ቢመዘገቡ የተሻለ ይመስለኛል። ነጥቡም በእርሷ ስም ይመዘገባል፤ እዚያ የምትኖረው እርሷ ስለሆነች ቶሎ ትጠቀምበታለች።

ዴንቨርን በተመለከተ ከራሴ የደረሰውን ልናገር። ከማረፊያው አጠገብ የሚያልፈው ኢ-470 የተባለው መንገድ ክፍያ የሚጠየቅበት ነው፤ ነገር ግን ገንዘብ የሚቀበል ሰው የለም፣ ካሜራ ታርጋውን አንስቶ ሂሳቡን ይልካል። እኔ ሳላውቅ አንዴ አለፍኩበት፤ ስሙን የማልጠቅሰው አከራይ ከመንገዱ ክፍያ ሌላ፣ መኪናው በእጄ ለነበረበት ለእያንዳንዱ ቀን የአገልግሎት ክፍያ አስከፈለኝ። በዚያ ኪራይ ያገኘሁት ነጥብ ሁሉ ቢመነዘር ያንን አይሸፍነውም ነበር። ስልክዎ ላይ ካርታውን ሲከፍቱ የሚያስከፍል መንገድ እንዲያስወግድ ያዝዙት። ነዳጁንም እንደተረከባችሁት ሞልታችሁ መልሱ፤ መኪናውን ስትረከቡና ስትመልሱ አራቱንም ጎን በስልክ ቪዲዮ አንሡት።

መልስ፦ ከሱሉልታ

ከላይ የተጻፈውን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ግን ማንም ያልነካው አንድ ስሌት አለ፤ እርሱ ሳይታወቅ ማይል ማሳደድ ገንዘብ ያስወጣል።

በማይል የሚወጣ ትኬት ነፃ አይደለም፤ ጎረቤትዎ እንዳደረጉት ታክሱና ልዩ ልዩ ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ይከፈላል። እንበል፣ አንድ ትኬት በገንዘብ 600 ዶላር ቢሆንና በማይል ሲወጣ 40,000 ማይልና 200 ዶላር ታክስ ቢጠየቅበት፣ የተረፈው 400 ዶላር ነው፤ ለ40,000 ሲካፈል አንዱ ማይል አንድ ሳንቲም ዶላር ያወጣል ማለት ነው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ ስሌቱን ግን በእውነተኛው ትኬት ላይ ሁልጊዜ ይሥሩት። ከአዲስ አበባ ዱባይ 1,560 ማይል ገደማ ነው። ርቀቱ ሙሉ በሙሉ ቢቆጠር እንኳ ደርሶ መልሱ በዚህ ስሌት 31 ዶላር ገደማ ያወጣል። እንግዲህ ለማይሉ ሲባል 80 ዶላር የሚበልጥ ትኬት መቁረጥ አያዋጣም። 20 ዶላር ቢበልጥ፣ በዚያ ላይ ሰዓቱ ቢመችና ሻንጣ ቢጨምር፣ ያኔ ያዋጣል።

በእርስዎ ሁኔታ ማይሉ ትርጉም የሚኖረው በጓንዡና በዋሽንግተን ጉዞ ነው። ጓንዡ በአንድ አቅጣጫ 5,000 ማይል ገደማ፣ ዋሽንግተን ደግሞ ከ7,000 ማይል በላይ ነው። አምስቱን ዓመታዊ ጉዞዎችዎን ስደምር 29,000 ማይል የሚጠጋ ርቀት ይሆናል፤ ይህን ያህል የሚጓዝ ሰው ከመነሻው ከፍ ወዳለ የአባልነት ደረጃ የመውጣት ዕድል አለው። ወርቅ ደረጃ ላይ ለደረሰ የስታር አሊያንስ አባል፣ በሻንጣ ቁጥር በሚታሰብበት መስመር አንድ ተጨማሪ ሻንጣ ይፈቀድለታል። ዕቃ ጭኖ ለሚመለስ ነጋዴ ይህ ከነፃ ትኬቱ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ክረምቱም ላስጠንቅቅ። ሐምሌና ነሐሴ፣ እንዲሁም የገናና የጥምቀት ሰሞን፣ ዳያስፖራው የሚመላለስበት ጊዜ ስለሆነ በማይል የሚሰጥ መቀመጫ ቶሎ ያልቃል። የመጪውን ክረምት ትኬት በገንዘብ ቁረጡ፤ ማይሉን ግን አጠራቅሙ፣ ለሚቀጥለው የጓንዡ ጉዞ ይሁናችሁ።

ምላሽ፦ የቱሉ ዲምቱ ነጋዴ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ማታ ከባለቤቴ ጋር ተቀምጠን ፓስፖርታችንን እያየን ተመዘገብን፤ በእኔ ፓስፖርት ላይ የአባቴ ስም የተጻፈው ኤጀንቱ ሁልጊዜ ከሚጽፈው በሁለት ፊደል እንደሚለይ ያየሁትም ዛሬ ነው። መኪናውን ልጃችን በስሟ እንድትከራይ ተስማምተናል።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ በሌሊት ነው፤ ከቱሉ ዲምቱ ቦሌ ለመድረስ በዚያ ሰዓት ታክሲ አይገኝም፣ በስልክ የሚጠራውም መኪና ወደ እኛ ሰፈር መምጣቱን ይጠላዋል። ለዚህኛው ጉዞ እንደዚያ ያለ የነጥብ ዘዴ ይኖር ይሆን?

መልስ፦ ከአያት፣ የትኬት ሠራተኛ

እኛ አገር የመኪና ኪራይ አብዛኛውን ጊዜ ከነሹፌሩ ነው፤ ነጥብ ሳይሆን ደንበኝነት ነው የሚሠራው። በዓመት አምስት ጊዜ ሄደው የሚመለሱ ከሆነ ቦሌ መሄጃና መመለሻው አሥር ጉዞ ይሆናል። በሰፈርዎ ከሚያድሩት ሹፌሮች አንዱን መርጠው፣ አሥሩንም ለእርሱ እንደሚሰጡ ነግረው፣ የነዳጁን ነገር ለይተው አስቀድመው ይዋዋሉ። ማታ ወደ ቤቱ የሚመለስ የሰፈር ሰው ከሆነ ባዶውን የሚሄድበት መንገድ ስለሌለ የመመለሻውን ዋጋ ይቀንስልዎታል። የበረራውን ቁጥርም ይላኩለት፤ አውሮፕላኑ ቢዘገይ አስቀድሞ አውቆ ይመጣል።