ኮሃ ላይ አንድ ሰው አራት ሆነብኝ፤ የኦቶሪቲ መዝገቦቹን እንዴት ላስተካክል?

ሰላም የሙያ ወዳጆቼ። የምሠራው ሰበታ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ካታሎጋችንን ከአሮጌው ሶፍትዌር ወደ ኮሃ (የቤተ መጻሕፍት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር) እያዛወርኩ ኦቶሪቲው ላይ፣ ማለትም የእያንዳንዱ ደራሲ ስም በአንድ አጻጻፍ የሚጸናበት መዝገብ ላይ ስደርስ መውጫው ጠፋኝ።

መጻሕፍቱ በማርክ 21 (በካታሎግ መረጃ መመዝገቢያው ቅርጸት) ያለ ችግር ገብተዋል። ያስቸገሩኝ ስሞቹ ናቸው። ኦቶሪቲ በራሱ እንዲፈጠር ፈቅጄ በመጻሕፍቱ ላይ ያሉትን ስሞች ከኦቶሪቲ መዝገቦች ጋር የሚያገናኘውን ስክሪፕት (ማገናኛውን) ሳስኬደው ለእያንዳንዱ አጻጻፍ አዲስ መዝገብ ከፈተ። የንጉሡን ስም ብቻ ብንወስድ «ኃይለ ሥላሴ»፣ «ኀይለ ሥላሴ»፣ «ሀይለ ስላሴ» እና «ኃይለሥላሴ» አራት የተለያዩ ሰዎች ሆነው ተቀምጠዋል። ሞክሼ ፊደላቱን እኛ በአንድ ድምፅ እናነባቸዋለን፤ ለኮምፒውተሩ ግን እያንዳንዳቸው ሌላ ፊደል ናቸው። በዚያ ላይ ከግማሽ የማያንሱት ስሞች እንደ ፈረንጅ ተገልብጠው የአባት ስም ቀድሟል። የአባት ስም ለእኛ የቤተሰብ ስም ስላልሆነ ይህ መታረም አለበት እላለሁ፤ ተማሪውም የሚፈልገው በደራሲው በራሱ ስም ነው።

ያሰብኩት አንዱን አጻጻፍ ዋናው ስም በሚገባበት መስክ 100 ላይ አጽንቼ ሌሎቹን ወደ እሱ በሚመራው መስክ 400 ላይ ማስገባት ነው። ቅደም ተከተሉ ግን ግራ አጋባኝ። የተባዙትን ኮሃ ውስጥ ሁለት ሁለቱን እያዋሃድኩ ልቀጥል? ወይስ ሁሉንም አጥፍቼ፣ ፋይሉን በማርክኤዲት (የማርክ ፋይል ማረሚያ ፕሮግራም) አጽድቼ እንደገና ላስገባ? ማገናኛው የመጀመሪያውን ተመሳሳይ ስም እንዲይዝ ማድረግም ሞክሼ ደራሲዎችን እንዳያደባልቅብኝ ፈራሁ።

በአማርኛ ካታሎግ ይህን ያለፋችሁበት ካላችሁ፣ እባካችሁ የቱን እንዳስቀደማችሁ ንገሩኝ። መስከረም ላይ ተማሪዎቹ ሲመለሱ ፍለጋው እንዲሠራላቸው በጣም እፈልጋለሁ።