«ሌላ ምርመራ አያስፈልግም» ማለት ተክል መግደል ነው

የመስኮት ዳር፦
ትናንት የተሰጠውን ምክር አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። አንዲት እህታችን የሰኩለንቷ (ወፍራም ቅጠሉ ውስጥ ውሃ የሚያከማች ተክል) ቅጠል ቢጫ ስለሆነባት ጠየቀች። «ደረቅ አፈር» የሚባሉት አባላችን የመለሱላት ቃል በቃል ይህ ነው፦ «ቢጫ ቅጠል ማለት ውሃ በዝቶበታል ማለት ነው፤ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።» ይህንኑ ምክር ባለፈው ዓመት እኔም ሰምቼ ነበር። ኤቼቬሪያ የሚባለው ሰኩለንቴ ከታች ቢጫ ማለት ሲጀምር ውሃ ከለከልኩት። ባሰበት፤ እኔም ክልከላውን አጠበቅሁ። ከሁለት ወር በኋላ ከሸክላው ሳወጣው ሥሩ እንደ አሮጌ ክር እጄ ላይ ተፈረፈረ። የበሰበሰ አንድም ሥር አልነበረውም። አራት ዓመት ያሳደግሁትን ተክል በውሃ ጥም ገደልሁት።

ደረቅ አፈር፦
ስለ ተክልዎ ከልቤ አዝናለሁ፤ ከቃሌ ግን አልመለስም። በሰው ቤት ሰኩለንትን የሚገድለው ከጥማት ይልቅ ውሃ ነው። ውሃውን ቅጠሉ ውስጥ ቋጥሮ የሚኖር ተክል ነው፤ ብዙዎቹ የቅጠላቸውን መተንፈሻ እንኳ ቀን ዘግተው ሌሊት የሚከፍቱት ውሃ ላለማባከን ነው። አፈሩ ሁልጊዜ ሲርስ ሥሩ አየር ያጣል፣ ይታፈናል፣ ከዚያ መበስበሱ ይከተላል። ለጀማሪ አሥር ዓይነት ምልክት ብትዘረዝሩለት ግራ እየተጋባ ማጠጣቱን ይቀጥላል። አንድ ነገር ይነገረውና እጁን ይሰብስብ።

ሥረ መሠረት፦
«ሌላ ምርመራ አያስፈልግም» የሚለውን ደግሜ ደጋግሜ አነበብሁት። ቢጫነት እኮ የበሽታ ስም አይደለም። ክሎሮፊሉ (የቅጠሉ አረንጓዴ ቀለም) መጥፋቱን ይነግረናል፤ ለምን እንደጠፋ አይነግረንም። ውሃ የበዛበት ቅጠል ያብጣል፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ይመስላል፣ ሲነኩት ልፍስፍስ ይላል፣ ገና እጅ ሲያርፍበት ይረግፋል። የተጠማው ይሳሳል፣ ይሸበሸባል፣ ይደርቃል። ከሥር ያሉት አንድ ሁለት ቅጠሎች ብቻ እንደ ወረቀት ደርቀው መሐሉ ጤናማ ከሆነ ደግሞ ተክሉ ያረጀውን እየጣለ ነው፤ ምንም አይደረግለትም። ለሦስቱም አንድ መድኃኒት ማዘዝ ምን ይባላል?

ደረቅ አፈር፦
«የተጠማው ይሸበሸባል» ያሉት ሰው ያሳስታል። ሥሩ የበሰበሰም ተክል ይሸበሸባል፤ ውሃ የሚስብበት ሥር የለውምና። እንዲህ ያለውን ተክል «ተጠምቷል» ብለው አጠጥተው የጨረሱትን በዓይኔ አይቻለሁ።

ሥረ መሠረት፦
ትክክል ነዎት፤ ይህን መጨመር ነበረብኝ። ግን የተናገሩት ነገር የራስዎን ምክር የሚያፈርስ መሆኑን ልብ አላሉም? አንድ መሸብሸብ ሁለት ተቃራኒ ምክንያት ካለው፣ ምርመራ አያስፈልግም የሚባለው እንዴት ሆኖ ነው? ከሸክላው ማውጣትና ሥሩን ማየት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ሥሩ ነጣ ያለ ወይም ፈዛዛ ቡናማ ሆኖ ከጠነከረ ደህና ነው። ጠቁሮ ከላላና ከሸተተ በስብሷል፤ ንጹሕ ክፍል እስኪታይ ድረስ በንጹሕ ስለት ይቆረጣል፣ ቁስሉ ጥላ ሥር ይደርቃል፣ ደረቅና ጠጠራማ አፈር ላይ ይተከላል፣ ሳምንት ያህል ውሃ አይነካውም። ጥቁረቱ ወደ ግንዱ ከዘለቀ አናቱን ቆርጦ እንደ አዲስ ማብቀል ነው።

ደረቅ አፈር፦
ጀማሪን በየጊዜው ሥር ንቀል ብለው ካስተማሩት ጤነኛውንም ያቆስለዋል። ሥሩን እየበጠሰ ያወጣዋል፣ በዚያው ቀን ያጠጣዋል፣ ቁስሉም ይበሰብሳል። ይህ አልታሰበበትም?

የቁልቋል ወገን፦
ይቅርታ፣ ላቋርጣችሁ። ክራሱላ የሚባለው ሰኩለንቴ የቅጠሉ ጠርዝ ቀልቷል። «ታሟል፣ ማዳበሪያ ስጪው» ብለውኛል። ልስጠው?

የመስኮት ዳር፦
አትስጪው እህቴ። ቅጠሉ ከጠነከረና መቅላቱ ጠርዙ ላይ ከሆነ አልታመመም። ብርቱ ብርሃን፣ ቀዝቃዛ ሌሊት ወይም ጥቂት ጥማት ሲያገኘው አንቶሲያኒን የሚባለውን ቀለም ይሠራል፤ ከፀሐይ መከላከያው ነው። የሚያሳስበው ሌላ ነው፦ ፀሐይ በሚያገኘው ወገን ብቻ መጀመሪያ ነጣ፣ ኋላ ቡናማ የሚሆን ደረቅ ጠባሳ። ያ መቃጠል ነው፤ የተቃጠለው ቦታ ተመልሶ አረንጓዴ አይሆንም። ከጥላ ወደ ፀሐይ የሚወጣ ተክል ቀስ በቀስ፣ በሳምንታት ውስጥ መለማመድ አለበት።

ደረቅ አፈር፦
እኔ ዘንድ ቢጫ ቅጠል የማይታየው ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ከሸክላው ግርጌ ወፍራም የጠጠር ንጣፍ አደርጋለሁ። ውሃው ወደዚያ ይወርዳል፣ ሥሩ ይደርቃል።

ሥረ መሠረት፦
ይህ ደግሞ ሌላው ለዓመታት የተደጋገመ ስሕተት ነው። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሻካራ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፤ አፈሩ በውሃ እስኪሞላ ድረስ ከጠጠሩ በላይ ይቆማል። ጠጠሩ ያደረገው እርጥቡን አፈር ወደ ሥሩ ማስጠጋት ነው። ጠጠሩን ከአፈሩ ጋር ይደባልቁት፤ ሸክላውም ከታች ቀዳዳ ይኑረው።

ደረቅ አፈር፦
የእኔ ተክሎች በጠጠር ላይ ኖረዋል፤ አሁንም እየኖሩ ነው። ዓይኔ ያየውን ልካድ?

ሥረ መሠረት፦
የኖሩት በጠጠሩ ሳይሆን እርስዎ ውሃ በመቆጠብዎ ነው። ለዚያ ምስጋናውን ለራስዎ ይስጡ እንጂ ለጠጠሩ አይስጡ።

የቁልቋል ወገን፦
ስለ ነጭ ተባይ ማንም አለማንሳቱ ገርሞኛል። የጓደኛዬ ተክል ቢጫ ነጠብጣብ ሲያወጣ ስለ ውሃው ስንጨቃጨቅ፣ ጥጥ የመሰለው ተባይ በቅጠሎቹ ብብት ተሸሽጎ ጭማቂውን እየመጠጠ ነበር። 70 በመቶ አልኮል ውስጥ በተነከረ ጥጥ አንድ በአንድ አስወገድነው።

የመስኮት ዳር፦
ጥሩ አነሳሽው፤ ግን ነጭ የሰም ብናኝ ያላቸውን ቅጠሎች በአልኮል አትጥረጊ። ብናኙ ከዚያ ቅጠል ላይ ከተጠረገ ተመልሶ አይወጣም፤ ቅጠሉም የፀሐይ መከላከያውን ያጣል። ተባዩን ብቻ መንካት ነው።

የትናንቷ ጠያቂ፦
ጥያቄውን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ስትከራከሩ ተክሉን አወጣሁት። የሥሩ ግማሽ ጠቁሮ ይሸታል፤ ግማሹ ነጭ ነው።

ደረቅ አፈር፦
ይኸው! ውሃ ነው አላልኩም?

ሥረ መሠረት፦
ውሃ መሆኑን ያወቅነው ሥሩን ስላየች ነው። «አያስፈልግም» ባሉት ምርመራ። ነጭ የቀረላት ግማሽ ሥር መኖሩንስ በምን ታውቀው ነበር?

ደረቅ አፈር፦
ውሃውን ብታቆም ኖሮ ያ ግማሽ ሥር ራሱ ያድነው ነበር።

የመስኮት ዳር፦
በእርጥቡ አፈር ውስጥ ተቀምጦ? የጠቆረው ወደ ነጩ እየተዛመተ?

የትናንቷ ጠያቂ፦
እባካችሁ፣ የጠቆረውን ቆርጬዋለሁ። አሁን ስንት ቀን ላድርቀው?

ደረቅ አፈር፦
ሳምንት ሙሉ።

ሥረ መሠረት፦
ሁለት ሦስት ቀን ይበቃል። ሳምንት ከቆየ የተረፈው ቀጭን ሥርም ይደርቃል።

ደረቅ አፈር፦
እርጥብ ቁስል ከምትተክል ደረቅ ሥር ትትከል።