የጨረር ማቀጃ ሲቲ ላይ እናቴ ሳንባ ውስጥ ነገር ታየ፣ ካንሰሩ ተሰራጭቶ ይሆን?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እማዬ የጡት ካንሰር ታማ ቀዶ ጥገናውንም ኬሞውንም ጨርሳለች፣ አሁን ጨረር ልትጀምር ነው። ሐሙስ ለጨረሩ ማቀጃ ሲቲ ስካን ተነሳች። ቅዳሜ ተደወለና «ሁለቱም ሳንባዋ ላይ ነጣ ነጣ ያለ ነገር አለ፣ ሰኞ እንዳትመጡ፣ መጀመሪያ ኮሮና ትመርመር» አሉን። በቃ፣ ሌላ ማብራሪያ የለም። አያስላትም፣ ትኩሳትም የላትም። ድካም አለባት፣ እሱንም የኬሞው ነው ብለን ትተነው ነበር። ካንሰሩ ሳንባዋ ገብቶ እየደበቁን ይሆን? ለእሷ ገና አልነገርኳትም።

የጨረር ቴክኖሎጂስት፦
አይዞሽ እህቴ። እኔ ጨረር ክፍል ነው የምሰራው። ያ ሲቲ የሚነሳው በሽታ ለመፈለግ ሳይሆን ጨረሩ የት እንደሚያርፍ፣ ልብና ሳንባ ምን ያህል እንደሚነካ ለማስላት ነው። የጡት ምስል ሲነሳ ግን ሳንባው አብሮ ይገባል። ስናቅድ ብዙውን ጊዜ ስክሪኑን ለሥጋ በሚመች ንፅፅር ስለምናየው ሳንባው ጥቁር ሆኖ ይቀርና ስስ ጭጋግ ቢኖርበት እንኳ ተውጦ ያልፋል፣ ወደ ሳንባ ዊንዶው፣ ማለትም ለሳንባ ወደሚመች ንፅፅር ሲቀየር ነው ብቅ የሚለው። የሰከንድ ሥራ ናት፣ ግን ሰው ሲጣደፍ ትረሳለች። የእናትሽን ያየው ሰው አልረሳም፣ እግዜር ይስጠው። እ.ኤ.አ. በ2020 ዴንማርክ ውስጥ ለሳንባ ካንሰር ጨረር ይወስድ የነበረ ታካሚ ላይም የኮሮናው ምልክት በየቀኑ ከጨረሩ በፊት በሚነሳው ምስል ላይ ታይቶ ሐኪሞቹ ጽፈውታል።

አንድ ሐኪም፦
ምስሉን ሳላይ እርግጠኛ መሆን አልችልም፣ ግን አነጋገራቸው ወደ ካንሰር አይወስደኝም። ወደ ሳንባ የተሰራጨ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ጠርዙ የለየ ክብ እብጠት ሆኖ ነው የሚታየው። የኮሮና ደግሞ በደበዘዘ መስታወት በኩል እንደምታዪው ዓይነት ጭጋግ ነው፣ በሁለቱም በኩል፣ ወደ ሳንባው ዳርና ወደ ታች ይበዛል። ጨረርም ሳንባ ያስቆጣል፣ ግን እሱ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ጨረሩ ባለፈበት ቦታ ነው የሚመጣው፣ እናትሽ ገና አልጀመረችም። አንዳንድ የኬሞ መድኃኒት ግን ይህንኑ ጭጋግ ያመጣል፣ ሌላ ኢንፌክሽንም እንዲሁ፣ ስለዚህ የወሰደችውን መድኃኒት ዝርዝር ይዘሽ ሂጂ። ሲቲው ጥርጣሬ ይሰጣል እንጂ ስም አያወጣም። ለዚህ ነው የአፍንጫ ናሙና ያሉት።

ኬሞ የወሰደ ሰው ትኩሳት ላይኖረው ይችላል። ጣት ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያ ግዙላት። ጥፍሯ ላይ ሂና ወይም ቀለም ካለ ንባቡን ያዛባል፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ደግሞ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል፣ ስለዚህ «ደህና ነው» ቢልም ትንፋሿን በዓይንሽ እይ። ከ94 በታች ከወረደ ወይም ቁጭ ብላ ትንፋሽ ካጠራት ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት።

ጠያቂ፦
ዶክተር እግዜር ይስጥልኝ። ውጤቱ ዛሬ መጣ፣ ኮሮና ነው። ለእማዬም ነገርኳት፣ ከእኔ ይልቅ እሷ ተረጋጋች። ጨረሩ መዘግየቱ ግን አይጎዳትም?

አንድ ሐኪም፦
ከኬሞ በኋላ ለሚሰጥ የጡት ጨረር ጥቂት ሳምንት መቆየት ብዙውን ጊዜ ችግር የለውም። የማህፀን በር ካንሰር ቢሆን ጭንቀቴ ሌላ ነበር፣ እሱ ጠቅላላው ሕክምና በ8 ሳምንት ውስጥ ማለቅ አለበት። ለኮሮናው የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልጋት እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቂ፣ ቀን ካለፈ ጥቅሙ ይቀንሳል።

የጨረር ቴክኖሎጂስት፦
ስትመለሱ ደግሞ ሁለት ነገር ጠይቂ። ሲቲውን ራዲዮሎጂስት (ምስል የሚያነብ ሐኪም) ሙሉውን አንብቦ በጽሑፍ ይስጣችሁ። ከዚያ በአሮጌው ሲቲ ይቀጥሉ እንደሆነ ወይስ ሳንባዋ ሲጠራ አዲስ ያነሱላት እንደሆነ። እኔ ብሆን አዲሱን እመርጣለሁ፣ ሳንባዋ መጥራቱንም በዚያው እናያለን።