የእንጨት ማሽን ላለው የመደርደሪያ ሰዓት ግዢ የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ

ከሰብሳቢው፦ ውድ አባላት፣ በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት ለሽያጭ የቀረበውንና በውስጡ የሰዓት ሠሪው የኤሊ ቴሪ ስም ያለበት ወረቀት የተለጠፈበትን ሰዓት በተመለከተ ለጉባኤ የምናቀርበውን ሐሳብ በጋራ እንድናረቅ እጠይቃለሁ። ሻጩ ሰዓቱ እ.ኤ.አ. በ1816 በቴሪ እጅ የተሠራ ነው ይላሉ።

ከጥገና ተጠሪው፦ ክቡር ሰብሳቢ፣ 1816 ቴሪ ለመደርደሪያ ሰዓቱ የፈጠራ መብት ያገኘበት ዓመት ስለሆነ ይህ ሰዓት መቼ እንደተሠራ አይነግረንም። ሌላው ሰዓት ሠሪ ሴዝ ቶማስም ለቴሪ እየከፈለ ይህንኑ ሰዓት ይሠራ ስለነበር፣ በእሱ ወረቀት ላይ ቴሪ የሚጠቀሰው እንደ ፈልሳፊ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ወረቀቱ ከላይ እስከ ታች ተነቦ «ሠርቶ የሸጠው» ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ስለ ዋጋ መነጋገር የለብንም።

ከዚያ ቀጥሎ የሚያሳስበኝ ማሽኑ፣ ማለትም ሰዓቱን የሚያንቀሳቅሰው የውስጥ ክፍል፣ ነው። የዚህ ዓይነት ማሽን የፊትና የኋላ ሰሌዳው ከኦክ፣ ባለጥርስ ጎማዎቹ ደግሞ ከቼሪ እንጨት ናቸው። የተሰበረ ጥርስ ወጥቶ በምትኩ አዲስ እንጨት በጥንቃቄ ከተተከለበት፣ ቀለሙ ትንሽ ቢለይም በእኔ እምነት ሰዓቱን አያራክሰውም። የሚያራክሰው ማሽኑ ከሌላ ሳጥን የመጣ መሆኑ ነው፤ በሳጥኑ ውስጥ ሥራ የሌላቸው የቆዩ ቀዳዳዎች ከታዩ ይህን እንጠርጥር።

ከገንዘብ ያዧ፦ ወንድማችን ያሉትን እደግፋለሁ፤ ነገር ግን አባላት ሰዓቱ ሲሠራ ካላዩ ገንዘብ ለማጽደቅ ይቸገራሉ። ሻጩ ሞልተው ቢያሳዩን አይሻልም?

ከጥገና ተጠሪው፦ እኅታችን፣ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ሰዓቱ የሚንቀሳቀሰው በገመድ በተንጠለጠሉ የብረት ክብደቶች ነው፤ አንድ ሰው ቀድሞ የነበሩትን በከበዱ ተክቷቸው ከሆነ፣ የደረቀው እንጨት ጥርሱን በአንድ ቀን ሊያጣ ይችላል። ማሽኑ ወጥቶ ሳይመረመር አይሞላ። የበሩ መስታወት ሥዕልም ቀለሙ ቢረግፍ እንኳ ታድሶ እንዳይሳል፤ የረገፈው የመጀመሪያው ሥዕል ከአዲሱ ይበልጣል።

ከገንዘብ ያዧ፦ እንግዲያውስ በረቂቁ እንዲህ ይግባ፦ «ማኅበሩ የተጠየቀውን ሙሉ ዋጋ የሚከፍለው ሳጥኑ፣ ማሽኑና ወረቀቱ አብረው የኖሩ መሆናቸው በምርመራ ሲረጋገጥ ብቻ ነው፤ ማሽኑ የተተካ ከሆነ የሳጥኑን ዋጋ ብቻ ያቀርባል።» የምርመራው ወጪ ከጥገና በጀት ይሸፈናል።

ከሰብሳቢው፦ ተቀብያለሁ። ማሽኑን አውጥቶ ለማየት የሻጩን ፈቃድ በጽሑፍ እጠይቃለሁ፤ ፈቃዱ ካልተገኘ ሐሳቡ ለጉባኤው አይቀርብም።